ጨው የት ይሄዳል

ወንድሜ ባሕር ይዞ ቤቴ የገባ ዕለት በር ላይ ቆሜ ነው የተቀበልሁት። ባሕሩ በሁለት የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ከረጢቶቹ በነጭ የፎም ሣጥን፣ ሣጥኑ ደግሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ከጅቡቲ እስከ ወልድያ በከባድ መኪና፣ ከወልድያ ሰቆጣ በሚኒባስ መጥቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው በየከረጢቱ አንዳንድ ዓሣ ቆሞ ያየኛል። መልካቸው የበሰለ ብርቱካን ነው፤ ሦስት ቦታ ነጭ መቀነት ታጥቀዋል። ዓሣ አላውቅም አልልም፤ ከተከዜ የሚመጣውን ገዝቼ ጠብሻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ካልቀባው በቀር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ለምን ይሆናሉ?» አልሁት።

«ለመታየት» አለኝ።

ሰው ሲያረጅ የሚያስደነግጠው ነገር ያንሳል ይባላል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የደነገጥሁትን ያህል በልጅነቴም አልደነገጥሁም።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ገና ጎረምሳ ሳለ አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ሥራ ያዘ። እዚያ አግብቶ፣ እዚያ ወልዶ፣ አሰብ ከእጃችን ስትወጣ እንደ ሌላው ሰው ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ላይ ብዙ ዘመን ሠራ። ሚስቱ ስትሞትና ጉልበቱ ሲደክም ወደ እኔ መጣ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዚሁ ከተማ መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ብቻዬን የምኖር ሰው ነበርሁ። ሁለታችንም ብዙ አናወራም። እሱ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ቀን ግን መስኮት የሚሠራ ባለሙያ ጠርቶ ወፍራም መስታወት አስቆረጠና በሲሊኮን አስጣብቆ ገንዳ አሠራ። ሁለት ጊዜ ሳሎኑ ላይ ፈሰሰብኝ። በሦስተኛው ያዘ።

ገንዳው ዓሣዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ድንጋይና አሸዋ ብቻ ይዞ ሁለት ወር ቆመ። ውኃው መብሰል አለበት አለኝ። አንድ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ እየመጣች ባዶውን ውኃ ታያለች። ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምታንስ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ወንድምዎ የሚጠብቁት እስኪፈላ ነው?» ትለኛለች።

የጨው ባልዲዎቹ ከጅቡቲ የመጡ ጊዜማ ጉድ ፈላ። «ሰቆጣ ጨው ጠፍቶባት ከባሕር ማዶ አስመጣች ተብሎ ይወራብን?» አለች። «አባትዎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

ቀልዷ አጥንቴን ነካኝ። አባታችን የጨው ነጋዴ ነበር። በአበርገሌ በኩል በቅሎና አህያ እየነዳ ወደ አፋር በረሃ ይወርድ ነበር፤ ያን ጉዞ አርሆ ይሉታል። ሲመለስ ጓዳችን በአሞሌ እስከ ጣራው ይሞላል። ከእሱ ሰምቼ ያደግሁት ነገር ጨው መንገድ ይበላዋል የሚል ነው። ዝናብ ይልሰዋል፣ የበቅሎ ላብ ይልሰዋል፣ ገበያ ላይ የነካው እጅ ሁሉ ይልሰዋል። ከበረሃው ሲነሣ አራት ማዕዘን የነበረው አሞሌ እኛ ቤት ሲደርስ ጠርዞቹ ዱልዱም ሆነው ነበር። ስለዚህ አባቴ ለሚጎድለው ብሎ ምንጊዜም ትርፍ ይጭን ነበር። ከአሞሌዎቹ አንዱን እስከ ዛሬ በሣጥኔ አኑሬዋለሁ።

ያንን አሞሌ አውጥቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። እንካ፣ ከሩቅ አገር አታስመጣ ማለቴ ነበር። በመዳፉ መዘነውና መለሰልኝ።

«ያባታችን ጨው ይገድላቸዋል» አለ።

ባሕር ውስጥ ያለው ጨው ብዙ ዓይነት ነገር የተቀላቀለበት ነው፣ አሞሌው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ብሎ አስረዳኝ። አሞሌውን ወደ ሣጥኔ መለስሁት። ስንት አገር ያበላ ጨው ሁለት ጣት የማታህል ዓሣ ይገድላል ሲባል መስማት ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ከሁለቱ ዓሣዎች ሌላ፣ ባለቤቱ በተወው የቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ የሚኖር ሸርጣን ነበር፤ ጀርባው ላይ ቀይ መስመር ያለው ረጅም ጢማም ሽሪምፕም ነበር። አንድ ጠዋት ሽሪምፑ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ሞቶ አገኘሁት። ደንግጬ ወንድሜን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆየና ሳቀ። «ልብሱን ነው የለወጠ» አለኝ። በረጅም ማንኪያ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ባዶ፣ ውስጡ የሚያሳይ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሚቀል ነገር። ባለቤቱ ድንጋይ ሥር አዲስ ሆኖ ተደብቋል። የሞተ ነገር ራሱን አውልቆ ሲሄድ በዕድሜዬ ያን ቀን አየሁ።

ወንድሜ ዓይኑን መስታወቱ ላይ የለጠፈው ስለማያይ ነው። ዓሣዎቹ ሲመጡ ሞራው ዓይኖቹን ይዞ ነበር። ከዓመት ዓመት እየባሰበት ሄዶ ብርቱካንማ ጥላ ሲያልፍ ብቻ ነበር የሚያየው። የጨው መለኪያውን እኔ አነብለታለሁ። ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ ውኃ ላይ ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጨው ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ። አዲስ ውኃ ስንበጠብጥ ባልዲው ውስጥ እንለቀዋለን። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ጣቱን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ይቀምስ ነበር። ይህን አይቼ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ባሕሩ ናፍቆት ነው ብዬ፣ ሰው የናፈቀውን ነገር ሲነካ ዓይን መጣል ነውር መስሎኝ ፊቴን አዞር ነበር።

ዓሣዎቹ በመጡ በአራተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ አዲስ አበባ የምትኖር ልጁ ለቀዶ ጥገና ጠራችው። አንዱ ዓይን ተሠርቶ ሲድን ሌላው ይቀጥላል ተባለ። ፋሲካን እዚያው ሊውል ነው። ከመሄዱ በፊት የሚሠራውን ሁሉ ነገረኝ፤ እኔም እንደ መዝገብ ቤት ሰው ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍሁት። ምግቡ በቁንጥር፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ባልዲ አሮጌ ውኃ ወጥቶ አንድ ባልዲ አዲስ ይገባል። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ በሶላር ባትሪ፣ መስታወቱ በጋቢ። መስታወቱ ላይ በቀለም ያሰመረውን መስመር በጣቱ ዳብሶ ውኃው ከዚህ ሲወርድ ሙዪ አለኝ፤ እስከዚያ ቀን የሚሞላው እሱ ነበር። ጻፍሁ።

በሩ ላይ ዘንጉን ይዞ ቆመና፣ «እታለም፣ በዚህ ዕድሜ ለዓይኔ ብዬ የምደክም ሰው አይደለሁም» አለኝ። «እነሱን አንድ ቀን ለይቼ ልያቸው ብዬ ነው የምሄደው።»

«ታያቸዋለህ» አልሁት። ቃል መግባት ልማዴ አይደለም፤ ገባሁ።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ነፋሱ ደረቅ ነበር። ጠዋት ስነሣ ውኃው ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዶ አገኘዋለሁ። ከጣራ ላይ የተጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ከበርሜሉ ቀድቼ፣ ጨዉን በጥብጬ፣ መለኪያውን ለቅቄ፣ ውኃው መለኪያው ላይ ካለው ቀይ ጭረት ጋር እኩል እስኪሆን ጠብቄ እሞላዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከጭረቱ በላይም በታችም አላደረግሁም። ያነበብሁት ግን የባልዲውን እንጂ የገንዳውን አልነበረም። መቅመስም አልቀመስሁም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አይገባም፣ የዓሣ ቤት ውኃማ ጭራሽ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይደውላል። የአንዱን ዓይን ቀዶ ጥገና በሁለት ቃል ጨርሶ ወደ ገንዳው ይመጣል። ሁሉንም በየተራ ይጠይቃል፤ እኔም በየተራ እመልሳለሁ። ደኅና ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሸርጣኑ ቤቱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ እንደገባም ቀረ። በአራተኛው ሽሪምፑ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ አየሁት። አሁን አልደነገጥሁም፤ አውቃለሁና። ልብሱን ለውጧል ብዬ በማንኪያው አነሣሁት። ማንኪያው ላይ ከበደኝ። መልኩም እንደ ፊተኛው የሚያሳይ አልነበረም፤ የተቀቀለ ነገር ይመስላል። ከበደኝ፣ ነጣብኝ፣ አሁንም ልብሱ ነው አልሁ። እሑድ ስነግረው ደስ አለው። አድጓል ማለት ነው አለኝ።

ከዚያ ትልቋ ዓሣ መብል ተወች። ከሁለቱ ትልቋ ሴቷ ናት፤ ትንሹ ወንዱ ነው፤ ይህን ወንድሜ ነግሮኛል። ወደ ላይ ወጥታ ጥግ ይዛ አፏን ቶሎ ቶሎ ትከፍታለች። ብርድ መስሎኝ በቀን ሳይቀር ጋቢ አለበስሁት። ጎረቤቴ ገልጣ አየቻትና ሄዳ በጀሪካን ጸበል ይዛ መጣች።

«ክርስትና አልተነሡም እኮ» አልኋት።

«ጸበል ማንንም አይጠላም፣ እትዬ። ጥቂት ጠብ እናድርግላት።»

እንቢ አልሁ። ወንድሜ ያልጻፈውን ነገር አላስገባም አልሁ። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ጀሪካኑን እንዳለ ብታፈስሰው ይሻል ነበር።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ነው፣ ጨው ለመቅዳት ስል እጄ የባልዲውን ታች ነካ። ሁለት ባልዲ ነበር፤ እስከ ክረምት ይበቃል የተባለ። ፊተኛውን መቼ እንደጨረስሁትም ልብ አላልሁም። ውኃው ከመስመሩ ወርዷል፣ ትልቋ ታጣጥራለች፣ እኔ ባዶ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ሄጄ ሣጥኔን ከፈትሁና ያባቴን አሞሌ አወጣሁ። ሙቀጫውንም አቀረብሁ። ይገድላቸዋል ያለኝን አልረሳሁም፤ ነገር ግን አንድ ጭብጥ ብቻ ቢሆንስ ብዬ አሰብሁ። ያለ ፈቃድ የሠራሁት ሥራ ስለሌለኝ ደወልሁ።

«እታለም፣ ምነው ያለ ቀንሽ?» አለኝ።

«ጨው አልቋል።»

«የትኛው ጨው?»

«የባልዲው። ሁለቱም።»

 ቅዳሜ ቅዳሜ ስንት እንደማደርግ ጠየቀኝ። እንዳልኸኝ አንድ ባልዲ አልሁት። ታዲያ እንዴት ያልቃል አለኝ።

«የሚጎድለውስ? በየቀኑ ይጎድላል፤ በየቀኑ በጥብጬ እሞላለሁ። ለክተህ እንዳሳየኸኝ ነው፤ አልተሳሳትሁም።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፤ የእሱ ትንፋሽ አይሰማኝም። የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«እታለም» አለኝ በመጨረሻ፣ በቀስታ፤ «የሄደ ውኃው ነው። ጨው የት ይሄዳል?»

ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር። በመስታወቱ ከንፈር ዙሪያ፣ በፓምፑ ሽቦ ላይ፣ በክዳኑ ጠርዝ፣ ነጭ ነገር ቅርፊት ሠርቷል። አምስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አቧራ ነው ብዬ በጨርቅ የጠረግሁት ነው። ያባቴ ድምፅ መጣብኝ፤ ሁልጊዜ የምደግመው ቃሉ ሳይሆን ሌላው። አርሆ ወርዶ የሚያየውን አገር ሲያወራልን፣ ድሮ ባሕር ነበር ይል ነበር። ፀሐይ ውኃውን ወሰደችው፤ ጨው ግን ወዴት ይሄዳል፣ ይኸው ተኝቶ ቀረ፣ እኛም በእሱ እንኖራለን ይለን ነበር። ወንድሜና እኔ አንድ ቁርበት ላይ ተቀምጠን ነው የሰማነው። በዚያ ጨው በልቼ፣ በዚያ ጨው ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ዛሬ በገዛ እጄ ሳሎኔ ውስጥ ያንን በረሃ ስሠራ ከርሜያለሁ።  ከሙቀጫው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ሁለቱ አሉ?» አለኝ።

«አሉ።»

«ሽሪምፑስ?»

የማንኪያው ክብደት እጄ ላይ ተመልሶ መጣ። «ልብሱ አልነበረም» አልሁት።

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ጆግ ከገንዳው አውጥቼ በምትኩ ጨው ያልነካውን የዝናብ ውኃ አንድ ጆግ፣ በቀስታ፣ እንዳፈስስ ነገረኝ። «በአንዴ አደርገዋለሁ ካልሽ ያው ይገድላቸዋል» አለኝ። «ደግሞ ቅመሽው። እኔ በየጠዋቱ እቀምሰው የለም?»

ያን ጊዜ ነው ናፍቆቱ መለኪያው እንደነበር የገባኝ። ረቡዕ፣ የሁዳዴ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጣቴን ነክሬ ቀመስሁ። ምላሴን አቃጠለኝ፤ ከጨውነት አልፎ መርሮ ነበር። የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አንድ ጣት ነክሬ ብቀምስ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ባወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጆጉ ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ አልቀለደችም፤ እየመጣች በርሜሉን ትከፍትልኛለች፣ ትዘጋልኛለች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትልቋ ድንጋዩ ሥር በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። በማንኪያው አወጣኋት። ልብስ አልነበረም። በአጥሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኋትና እጄን ታጠብሁ። ትንሹ ድንጋዩን እየዞረ ይፈልጋት ነበር፤ ወይም እኔ እንዲህ መሰለኝ።

እሑድ ሲደውል ስለ ዓይኑ ብዙ ነገረኝ። ስለ ገንዳው አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁ። ሆሳዕናም እንዲሁ አለፈ።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ መጣ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሰላም ተባብለን ገባ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወንበሩን ጎትቶ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መሄድ አልቻልሁም። ትንሹ ከድንጋዩ ኋላ ወጣና ወደ እሱ መጣ። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

«ነጩ መቀነት ዳር ዳሩን ጥቁር ጥለት አለው» አለ።

«አለው» አልሁ።

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

እውነቱን ነው። ቀጭን፣ በብዕር የተሰመረ የሚመስል ጥለት ነው። በየቀኑ ሳየው ኖሬ፣ የሚያይ ሰው የሚያውቀው ነገር መስሎኝ አልነገርሁትም ነበር። እሱም የጨዉን ነገር አልነገረኝም።

«የሞተች ትልቋ ናት?»

«ናት። በአምስተኛው ቀን። ቃሌን አልጠበቅሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ፣ «እንግዲህ ይኸኛው ሴት ይሆናል» አለ።

መድኃኒቱ አእምሮው ላይ የወጣ መሰለኝ። ቀርቤ ፊቱን አየሁት፤ ደኅና ነው። «ወንድ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልሁት።

«ነበር። ትልቋ ስትሞት የቀረው አድጎ እሷን ይሆናል። ትንሽ ወንድ ካመጣንለት ዕንቁላል ይጥላል። ፍጥረቱ ነው።»

 ሞቶ ልብሱን አውልቆ የሚሄድ አይቻለሁ፤ ልብሱን መስሎ የሞተም አይቻለሁ። ይህን ግን ለጎረቤቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እንኳ አላወቅሁም። በኋላ ስነግራት አማተበችና ለሦስት ቀን አልመጣችም። በአራተኛው ቀን ጢም ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አዲሱ ትንሽ ዓሣ ሰኔ ላይ መጣ። የፊተኛው አሁን ወፍሯል፤ ትንሹን ከጥግ ጥግ ያሳድደዋል። ወንድሜ እሷ ይላታል። እኔ እስካሁን አፌ አልለመደውም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ሳላስቀድስ ሳልበላ፣ የዓሣ ቤት ውኃ የምቀምስበት ምክንያት አለኝ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። 

«ትውጭዋለሽ?» አሉኝ።

«እተፋዋለሁ።»

«እንግዲያ ቅመሽ» አሉና፣ መስቀል አሳልመውኝ፣ «ያ ወንድ የነበረው ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤቴ ደርሳባቸዋለች ማለት ነው።

አሁን ጠዋት ወንድሜ መለኪያውን ገንዳው ውስጥ ይለቅና በሠሩለት ዓይኖቹ ያነባል። እኔ ጣቴን ነክሬ እቀምሳለሁ፣ ወደ ደጅ ወጥቼ እተፋለሁ። የሁለታችን ቃል ሲገጥም የጎደለውን በዝናብ ውኃ እሞላለሁ።